«ቆሽሿል» የሚለው ምልክት፦ የአንድ የሊኑክስ ስህተት ተደጋጋሚ ጥገና

ኦክቶበር 18 ቀን 2016 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ወደ ሊኑክስ ከርነል አንድ አጭር ማስተካከያ አስገባ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተጨመረውና የተሰረዘው መስመር ተደምሮ ሃያ አይሞላም። አብሮት የጻፈው ማብራሪያ ግን በሙያው ዓለም ዘወትር የማይገኝ ዓይነት ነበር። ስህተቱ አሮጌ መሆኑን፣ ከ11 ዓመት በፊት እሱ ራሱ ሊጠግነው ሞክሮ በወጉ እንዳልተሳካለት፣ ያ ጥገናም በሌላ ችግር ሳቢያ ተመልሶ መነሳቱን ሳይደብቅ አስፍሯል።

ስህተቱ በይፋ መዝገብ ሲቪኢ-2016-5195 ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ደርቲ ካው» በሚለው ስሙ ነው፤ ቃል በቃል «ቆሻሻ ላም» ማለት ሲሆን፣ «ካው» የመጣው ኮፒ ኦን ራይት ከሚለው የቴክኒክ ስያሜ ምህጻረ ቃል ነው። ስለዚህ ስህተት የተጻፈው አብዛኛው ነገር በ2016 ይጀምርና እዚያው ያልቃል፤ ስህተት ተገኘ፣ ተጠገነ፣ ኮምፒውተራችሁን አድሱ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ከ2005 እስከ 2022 ያለውን አንድ ላይ ካላነበብነው አልገባንም ባይ ነኝ። ጥገናው ደጋግሞ የተደገፈው በአንድ ምስክር ላይ ነው። ያ ምስክር ደግሞ የተጠየቀውን ነገር አይቶ አያውቅም።

ምስክሩን ለማወቅ ከርነሉ ሜሞሪን እንዴት እንደሚያስተዳድር ማየት ያስፈልጋል። ከርነል በፕሮግራሞችና በማሽኑ መካከል የሚቀመጠው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሜሞሪው የብቻው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከርነሉ ሜሞሪውን ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ፣ የትኛው አድራሻ በየትኛው እውነተኛ ገጽ ላይ እንደሚያርፍ ለየፕሮግራሙ በተያዘ የገጽ መዝገብ ይጽፋል። በመዝገቡ እያንዳንዱ መስመር ላይ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። አንዱ «ይጻፍበታል» ይላል። ሌላው «ቆሽሿል» ይላል፤ ማለትም ይህ ገጽ ከተጫነ ወዲህ ተለውጧልና ሜሞሪው ሲለቀቅ ይዘቱ እንዳይጠፋ ይጠበቅ።

አሁን አንድን ፋይል፣ ለምሳሌ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ መቶ ፕሮግራሞች ሊያነቡት ፈለጉ እንበል። መቶ ቅጂ ማስቀመጥ ብክነት ነው። ከርነሉ አንዱን ዋና ገጽ ለሁሉም ያሳያቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ «ለራሴ ብቻ» ብሎ በያዘው ገጽ ላይ ሊጽፍ ሲል ብቻ ከርነሉ ያስቆመውና ግልባጭ ይሠራለታል፤ መዝገቡንም ወደ ግልባጩ ያዞርለታል። ጽሑፉ በግልባጩ ላይ ያርፋል፣ ዋናው እንደነበረ ይቆያል። ኮፒ ኦን ራይት ማለት ይኸው ነው። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በቀድሞው ዩኒክስ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ልጅ ፕሮሰስ ሲወልድ ሜሞሪው በሙሉ ይገለበጥ ነበር፤ ወጪው ስለከበደ በ1979 የበርክሌዮቹ 3ቢኤስዲ ግልባጩን ጨርሶ የሚዘል የተለየ ትእዛዝ እስከመጨመር ደርሶ ነበር። ዛሬ አንድ አንድሮይድ ስልክ አፕሊኬሽኖቹን ሁሉ ከአንድ ወላጅ ፕሮሰስ ወልዶ ሜሞሪው የሚበቃው በዚህ ዘዴ ነው።

ዘዴው በአንድ ቃል ኪዳን ላይ ይቆማል፦ ዋናው ለማንበብ ብቻ ለተፈቀደለት ሰው ፈጽሞ አይጻፍበትም። ይህ ከፈረሰ ተራ ተጠቃሚ የስርዓቱን ፋይሎች ይለውጣል፤ የማሽኑ ባለቤት ይሆናል ማለት ነው።

ቃል ኪዳኑ ግን ከመጀመሪያው አንድ የኋላ በር ነበረው፤ የተከፈተውም በክፋት አልነበረም። ፕሮግራም የሚያርም ሰው ዲበገር በሚባለው መሣሪያ የሌላ ፕሮግራም ኮድ ውስጥ «እዚህ ቁም» የሚል ምልክት መትከል ይኖርበታል። የኮድ ገጾች ደግሞ አይጻፍባቸውም። ስለዚህ ከርነሉ «ባይፈቀድም በግድ ጻፍ» የሚል የውስጥ ትእዛዝ አለው፤ ስሙ ፎል-ፎርስ ነው። በግድ ሲጻፍም ግልባጭ ይሠራና በግልባጩ ላይ ይጻፋል፤ ዋናው አይነካም። የግልባጩ ገጽ ግን በመዝገቡ ላይ «ይጻፍበታል» የሚለውን ምልክት አያገኝም፤ ፕሮግራሙ ያን ፈቃድ አልጠየቀምና። ችግሩ ሁሉ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። «ይጻፍበታል» የሚለው ምልክት ከሌለ፣ ከርነሉ ከፊቱ ያለው ገጽ ዋናው ይሁን ግልባጩ በምን ይለይ?

ከ2005 በኋላ የነበረው መልስ እንዲህ ነበር። ከርነሉ ለመጻፍ ብሎ ገጹን ይፈልጋል፤ የሚጻፍበት ስላልሆነ ግልባጭ ያሠራል፤ ግልባጩ ሲሠራ «አሁንማ ጉዳዩ አልቋል» ብሎ ከጥያቄው ላይ «ለመጻፍ ነው» የሚለውን ቃል ያነሳና፣ ገጹን እንደ ተራ አንባቢ እንደገና ይፈልጋል። ከግልባጩ መሠራት እስከ ሁለተኛው ፍለጋ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰ ነው። ግን ጊዜ ነው። አጥቂው ሁለት ትሬዶችን፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት የሥራ መስመሮችን ያስነሳል። አንደኛው በግድ እየጻፈ ይመላለሳል። ሁለተኛው ለከርነሉ «ይህን ገጽ አልፈልገውም፣ ጣለው» እያለ ይወተውታል፤ ይህን ማለት ደግሞ ለማንም የተፈቀደ ነው። ከሺህ ሙከራ አንዱ ይገጥማል። ግልባጩ ተሠርቷል፣ ቃሉ ተነስቷል፣ ከሁለተኛው ፍለጋ በፊት ግልባጩ ይጣላል። ከርነሉ ሲመለስ ቦታው ባዶ ነው። «ለመጻፍ» መሆኑን ረስቷልና እንደ አንባቢ ዋናውን ገጽ ያመጣል። ከዚያ ይጽፍበታል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ሕግ የጣሰ እርምጃ ፈልጌ አላገኘሁም። ሁለቱም ትሬዶች የተፈቀደላቸውን አደረጉ፤ ከርነሉም በእያንዳንዱ እርምጃ ሌላ እንዳይገባበት የሚከለክለውን ቁልፍ በወጉ ይዞ ሠርቷል። የፈረሰው በሁለት ትክክለኛ እርምጃዎች መካከል ያለው ትውስታ ነው።

ታዲያ ቶርቫልድስ በ2005 ምን አድርጎ ነበር? ቃሉን ማንሳቱን ትቶ፣ ገጹ «ቆሽሿል» የሚል ምልክት እንዳለው ለመጠየቅ ሞከረ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ ለመጻፍ ተብሎ የተሠራ ግልባጭ ሲወለድ ጀምሮ «ቆሽሿል» ይባላል፣ ገና የመጣ ዋና ገጽ ግን ንጹሕ ነው። ይሁንና ሊኑክስ ከርነል የሚሮጠው በቤት ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይደለም። ኤስ390 በሚባለው የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ቤተሰብ ይህ ምልክት በገጽ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም፤ ማሽኑ ምልክቱን የሚይዘው ከእውነተኛው ገጽ ጋር በተያያዘ የማከማቻ ቁልፍ ላይ ነበር። ስለዚህ በዚያ ማሽን መዝገቡ ሲጠየቅ የገጹን መቆሸሽ አያውቅም፤ ከርነሉም መልሱን እየጠበቀ መውጫ በሌለው ዙር ውስጥ ይሽከረከራል። ጥገናው ተነሳ፤ «ለመጻፍ» የሚለውን ቃል የሚያነሳው አሠራር ተተካ። በጊዜው የሁለቱ ትሬዶች እሽቅድምድም በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ነበርና ማንም አልጮኸም።

ይህን ውሳኔ ዛሬ ላይ ሆኖ መኮነን ቀላል ነው። እኔ አልኮንንም፤ የሚሠራ ማሽንን የሚያቆም ጥገና ሊቆይ አይችልም። የሚያሳስበኝ ጥገናው ሲነሳ ስጋቱ አብሮ ከዓይን መጥፋቱ ነው። ሁኔታዎቹ በኋላ ተለወጡ። ማሽኖች ብዙ ፕሮሰሰር ይዘው መጡ፣ የሜሞሪ አስተዳደሩም ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲሄድ ተደርጎ ተሻሻለ፤ ሁለት ትሬዶች በዚያች ቀዳዳ ላይ የመገናኘታቸው ዕድል ጨመረ። በ2011 የወጣው ስሪት 2.6.39 ደግሞ አንድ ፕሮግራም የሜሞሪውን ፋይል ከፍቶ በግድ እንዲጽፍበት ፈቀደ፤ ይህም ጥቃቱን እጅግ አቀለለው። ኤስ390 በ2013 «ቆሽሿል» የሚለውን ምልክት በሶፍትዌር መያዝ ጀመረ። የ2005ቱን ጥገና ያስነሳው ምክንያት በዚያ ዓመት አከተመ ማለት ነው፤ ተመልሶ ያየው ግን አልነበረም።

ቀዳዳውን ያየው አጥቂ ነው። ፊል ኦስተር የተባለ ባለሙያ ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባውን የድረ ገጽ ትራፊክ በሙሉ የመመዝገብ ልማድ ስለነበረው፣ አንድ ሰርቨሩ ሲጠቃ ከመዝገቡ ውስጥ የጥቃቱን ፕሮግራም መዝዞ አወጣው፤ ለከርነሉ ሰዎችም አሳወቀ። በስሪት ሲቆጠር ከ2007ቱ 2.6.22 ጀምሮ ያሉት ተጋላጭ መሆናቸው ተመዘገበ። ዘጠኝ ዓመት ነው።

የ2016ቱ ጥገና «ለመጻፍ» የሚለውን ቃል ማንሳት ቀረ አለ። በምትኩ «ግልባጭ ተሠርቷል» የሚል አዲስ ማስታወሻ መጣ፤ ስሙ ፎል-ካው ነው። ከርነሉ በግድ የሚጽፈው ማስታወሻው ካለና ገጹ «ቆሽሿል» ካለ ብቻ ሆነ። ግልባጩ በመካከል ቢጣል ንጹሕ የሆነው ዋና ገጽ ፈተናውን አያልፍም፤ ከርነሉ አሁንም «ለመጻፍ» እንደመጣ ያስታውሳልና ሌላ ግልባጭ ይሠራል። የ2005ቱ ሐሳብ በተሻለ መልክ ተመለሰ። ጥገናው ያኔ ለነበረው ኮድ ትክክል ነበር። የተደገፈበት ምስክር ግን ያው «ቆሽሿል» የሚለው ምልክት ነው።

ይህ ምልክት ስለ ግልባጭ ምንም አያውቅም። የተፈጠረው የገጹን ይዘት መጠበቅ ያስፈልግ እንደሆን ለመናገር ነው። «የቆሸሸ ሁሉ ግልባጭ ነው» የሚለው ድምዳሜ በዚያ ቀን ኮድ እውነት ሆኖ ሳለ፣ የትም ቦታ በሕግነት አልተጻፈም። ሌላ ክፍል የሚሠራ መሐንዲስ ምልክቱን በሌላ ምክንያት ቢያኖር ስህተት ሠራህ የሚለው የለም።

አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ከተራው ገጽ በተጨማሪ በተለመዱት ፕሮሰሰሮች 2 ሜጋባይት የሆነ ግዙፍ ገጽ አለ፤ ከርነሉ ፍጥነት ለመጨመር በራሱ ፈቃድ ይጠቀምበታል። የግዙፎቹን ገጾች የሚያስተናግደው ኮድ ደግሞ ገጹ ለንባብ ብቻ ቢነካም «ቆሽሿል» የሚለውን ምልክት ያኖር ነበር። በ2017 መጨረሻ ይህ በሌላ ሲቪኢ ቁጥር፣ ሲቪኢ-2017-1000405 ተብሎ ወጣ። ጉዳቱ ከፊተኛው ያነሰ ነበር፤ በዲስክ ላይ ያለ ተራ ፋይል አልተነካም፣ የተነካው ለምሳሌ ሁሉም ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዜሮ ገጽ ነው። ጥገናውም ቀላል ነበር፦ ለንባብ ሲነካ አታቆሽሽ። ምስክሩን ግን ማንም አልተካውም።

በ2020 ነገሩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ተመራማሪ የሆነው ያን ሆርን የግልባጩን ቃል ኪዳን ገልብጦ አየው። ልጅ ፕሮሰስ ከወላጁ ጋር የሚጋራውን ገጽ በአንድ የከርነል መንገድ ይዞ ያስቀምጥና ከገጽ መዝገቡ ይለቀዋል። ወላጁ ሊጽፍ ሲመጣ ከርነሉ መዝገቦቹን አይቶ «ሌላ ባለቤት የለውም» ይልና ግልባጭ ሳይሠራ እዚያው ያስጽፈዋል። ልጁ ቀድሞ በያዘው በኩል የወላጁን አዲስ ምሥጢር ያነባል። ይህ ስለ «ቆሽሿል» ምልክት አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ይህ ገጽ የማን ነው?

የተሰጠው መልስ ጥብቅ ነበር። በስሪት 5.9 ከርነሉ ገጹን በማንኛውም መንገድ የያዘ ሌላ አካል ካለ ግልባጭ እንዲሠራ ተደረገ። ደኅንነቱ ተጠበቀ፤ ግን ሌላ ነገር ተሰበረ። አንዳንድ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የኔትወርክ ካርዶች፣ በቀጥታ የሚጽፉበትን የፕሮግራም ገጽ ቸንክረው ይይዛሉ። እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ከርነሉ ሳያስፈልግ ግልባጭ ከሠራ፣ ፕሮግራሙ በግልባጩ ላይ ይቀርና መሣሪያው በፊተኛው ላይ ይጽፋል፤ ሁለቱ አይገናኙም፣ ዳታ ይበላሻል። ያለ ልክ መገልበጥ እንደ አለመገልበጥ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የተደረገው ክርክር ረጅምና አንዳንዴም የጋለ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማከብረውም እሱን ነው፣ ጥያቄው በመጨረሻ በስሙ የተጠራበት ነውና።

በወቅቱ የሬድ ሃት ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ሂልደንብራንድ ያመጣው መፍትሔ ከሌላ ምልክት መገመትን ትቶ ባለቤትነቱን ራሱን መጻፍ ነው። በ2022 በወጣው ስሪት 5.19 ለአንድ ፕሮሰስ ብቻ የተያዘ ገጽ «የዚህ ብቻ ነው» የሚል የራሱን ምልክት አገኘ፤ ይህን ምልክት ማን እንደሚያኖረው፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ልጅ ሲወለድ ምን እንደሚሆን በግልጽ ተደነገገ። ውል ለማረጋገጥ በሰፈር ወሬ ከመመራት፣ ውሉ ላይ የፈረሙትን እማኞች መጥራት እንደማለት ነው።

አጋጣሚው ደግሞ አስደናቂ ነው። በዚያው በ2022 ደርቲ ካው ሦስተኛ ፊቱን አሳየ፤ ሲቪኢ-2022-2590። በስሪት 5.16 የገባ አንድ ለውጥ በጋራ ሜሞሪ ላይ የሚሠራ ኮድ ገጾችን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ «ቆሽሿል» እንዲላቸው አድርጎ ነበር። ለውጡ ለራሱ ዓላማ ትክክል ነው፤ ስለ ግልባጭ የሚያስብም አልነበረም። የ2016ቱ ፈተና ግን እንደገና ተታለለ፣ በዚህ በጋራ ሜሞሪ ላይ ያሉ ለንባብ ብቻ የተፈቀዱ ፋይሎችም ተጋለጡ። የ2017ቱ ስህተት መንታ ነው። በዚህኛው ዙር ግን የሚተካ እማኝ ነበረ። ሂልደንብራንድ ባቀረበው ጥገና ከርነሉ በግድ ሲጽፍ የሚጠይቀው አዲሱን የባለቤትነት ምልክት ሆነ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የገባው ፎል-ካው የሚባለው ማስታወሻም ከኮዱ ተሰረዘ።

ይህን ዓይነት ስህተት የሚይዝ መሣሪያ የለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መሣሪያዎች አሉ፣ ጠንካሮችም ናቸው። ካዛን የሚባለው ከ2015ቱ ስሪት 4.0 ጀምሮ ከወሰን ያለፈ ጽሑፍንና ከተለቀቀ በኋላ የሚነካ ሜሞሪን ይይዛል። በጉግል የተሠራው ሲዝካለር ለከርነሉ የዘፈቀደ ትእዛዝ እየወረወረ ስህተት ያድናል። ደርቲ ካው ግን ከወሰን አላለፈም፣ የተለቀቀ ሜሞሪም አልነካም። በ2020 የገባው ኬሲሳን የሚፈልገው ያለ ቁልፍ የሚደረግ የዳታ ግጭትን ነው፤ እዚህ ቁልፉ በየእርምጃው ተይዟል። የሜሞሪ ስህተቶችን ይከላከላል ተብሎ ስለ ረስት ቋንቋ የሚነገረውም እንዲሁ ልክ ሊበጅለት ይገባል። ማይክሮሶፍት በ2019 በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ስህተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ እንደሚመጡ ገልጿል፤ ረስትም ከዲሴምበር 2022ቱ ስሪት 6.1 ጀምሮ ወደ ሊኑክስ መግባቱ ተገቢ ነው። ለምሳሌ በ2023 የታየው ስታክሮት፣ የተለቀቀ ሜሞሪን መልሶ የመንካት ስህተት፣ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከሚያነጣጥርበት ዓይነት ነው። ስለ ገጽ ባለቤትነት የተሳሳተ ግምት የያዘ መሐንዲስ ግን ያንኑ ግምት በረስትም ይጽፈዋል።

ጥገናው ከተጻፈ በኋላ ያለውን መንገድም መዝለል አይገባም። የ2016ቱ ማስተካከያ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 4.8.3፣ 4.7.9 እና 4.4.26 ስሪቶች ወረደ። የሰርቨር አስተዳዳሪ በአንድ ትእዛዝ አድሶ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ስልክ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። አንድሮይድ የሚሮጠው በሊኑክስ ከርነል ነው፤ ጥገናው ለባለስልኩ የሚደርሰው የስልኩ አምራች ከወደደ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2017 ትሬንድ ማይክሮ ዚኒዩ ብሎ የሰየመውን ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ይፋ ሲያደርግ፣ ስህተቱ ከተጠገነ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ጥገናው ባልደረሳቸው ስልኮች ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ አሮጌ ስልክ የሚገዛ ሰው ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው ይጠይቃል፤ በቅንብሩ ውስጥ «የደኅንነት ማደሻ» የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቀን ማየትም ያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በከርነሉ በኩል ሥራው አልቆመም። በ2024ቱ ስሪት 6.12 የኋላ በሩን ራሱን የማጥበብ ምርጫ ተጨመረ፤ አስተዳዳሪው ከፈለገ በግድ መጻፍን ለዲበገር ብቻ ሊተው፣ ወይም ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል። ነባሪው ቅንብር ግን አሁንም ክፍት ነው፤ የነበረ ፕሮግራም እንዳይሰበር። ከዚያ በፊት በ2023 የወጣው ስሪት 6.2 ደግሞ ለግልባጭ ሥራ ብቻ የተጻፉ ፈተናዎችን ይዞ መጥቷል። ከፈተናዎቹ አንዱ ልጅ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ ልጁ የወላጁን ገጽ ይዞ ያስቀምጣል፤ ወላጁ ይጽፋል፤ ከዚያ ልጁ ያነበበው የድሮው ነው ወይስ አዲሱ ተብሎ ይጠየቃል።